በእናት ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች የጽንስን የልብ ችግር ይጠቁማሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«በእናት ደም ብቻ የጽንሱን የልብ ችግር የሚያውቅ ምርመራ ተገኘ» የሚል ወሬ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። ወሬው ከጥናት የተነሳ ነው፤ ጥናቶቹም እውነተኛ ናቸው። ግን በጥናቱና በክትትል ክፍሉ መካከል ረጅም መንገድ አለ። ይህን ገጽ የጻፍኩት ለነፍሰ ጡሮች፣ ለባሎቻቸውና «እንዲህ አድርጊ» እያሉ ለሚመክሩ ዘመዶች ነው። ስለ ራስዎ እርግዝና ግን የሚወስኑት ከሚከታተልዎ ሐኪም ጋር ይሁን።

ደሜን ብመረመር የልጄ ልብ ጤነኛ መሆኑን ይነግረኛል?

አይነግርዎትም። የጽንስን የልብ አወቃቀር ለማወቅ ተብሎ በመደበኛ ሕክምና የሚሠራበት የፕሮቲን ደም ምርመራ ዛሬ የለም። እኛ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በበለጸጉት አገሮችም የለም። ዛሬ የጽንስን ልብ የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው። እሱም ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ልብ ማየት በተማረ ሰው እጅ ሲሠራ። አንድ ቦታ «በደም እናውቀዋለን» ብሎ ገንዘብ ከጠየቀዎት አይክፈሉ። ያንን ገንዘብ ለዚህ አልትራሳውንድ ያስቀምጡት።

ከልብ ችግር ጋር መወለድ ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙ ልጆችን ያጋጥማል?

ልብ በማህፀን ውስጥ ሲሠራ አወቃቀሩ ላይ የሚፈጠር ጉድለት ነው። ሰዉ «ልቡ ላይ ክፍተት አለ» የሚለው ከእነዚህ አንዱና በብዛት የሚታየው ነው። በሕይወት ከሚወለዱ 100 ልጆች 1 ገደማ ከእንዲህ ያለ ችግር ጋር ይወለዳል። ከአፈጣጠር ጉድለቶች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመውም ይህ ነው።

ክብደቱ ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል። በታችኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለች ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በራሷ ትዘጋለች። ሁለቱ ትልልቅ የደም ሥሮች ቦታ ተቀያይረው የወጡበት ልጅ ደግሞ ከተወለደ በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሕክምና ካላገኘ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ከ4ቱ የ1ዱ ያህል ችግር ገና በሕፃንነቱ ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ አስቸኳይ ሥራ የሚፈልግ ከባድ ዓይነት ነው። ይህን ልዩነት ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ ታች ስንደርስ ያስፈልገናል።

ልብ መቼ ተሠርቶ ያልቃል?

በጣም ቀድሞ። ጽንሱ ከተፈጠረ በ22ኛው ቀን አካባቢ መምታት ይጀምራል። ከመጨረሻው የወር አበባ ሲቆጠር እስከ 10ኛው ሳምንት ድረስ ዋና ዋና ክፍሎቹ ቅርጽ ይዘዋል። ብዙ እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የትኛውም ምርመራ፣ የደምም ሆነ የአልትራሳውንድ፣ የተፈጠረውን ያሳያል እንጂ አያስቀረውም። ለማስቀረት የሚሠራ ሥራ ካለ ከእርግዝና በፊት ነው የሚሠራው።

ባዮማርከር ምንድን ነው?

በሰውነት ውስጥ ስላለ ሁኔታ የሚጠቁም፣ በመሣሪያ ሊለካ የሚችል ምልክት ነው። የሽንት የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ነው፤ እሱ ራሱ ፕሮቲን ነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን ይጨምራል። ልብ ሲደክም ቢኤንፒ ይጨምራል። ሐኪሞች እነዚህን በየቀኑ ይጠቀሙባቸዋል።

ታዲያ ትሮፖኒን ወይም ቢኤንፒ ለጽንሱ ለምን አይለካም?

ከእርስዎ ክንድ የተቀዳ ደም የሚያሳየው የእርስዎን ልብ ስለሆነ ነው። የልጁን ለማግኘት ከእትብቱ ደም መቅዳት ያስፈልጋል። ያ ደግሞ እርግዝናውን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል ለማጣሪያ ተብሎ አይደረግም። ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ፕሮቲኖች የሚጨምሩት ልብ ሲጨነቅ ነው። በማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ ልቡ የተዛባ ቢሆንም ብዙ ጊዜ አይጨነቅም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ነዋ።

ችግሩ ያለው ልጁ ልብ ውስጥ ነው። እናት ደም ውስጥ ምን ይታያል?

የነገሩ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። ለማነጻጸር ያህል ኤኤፍፒ የሚባለውን ፕሮቲን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህ ፕሮቲን በእናት ደም ውስጥ ሲበዛ የጽንሱ ጀርባ ወይም ራስ ክፍት ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። ምክንያቱ ቀጥተኛ ነው። የልጁ ጀርባ ክፍት ሲሆን ፕሮቲኑ ወደ እንሽርት ውሃ ይፈሳል፤ ከዚያ ወደ እናት ደም ይሻገራል። ልብ ግን ደረት ውስጥ የተዘጋ ነው። ቀዳዳው ከአንዱ የልብ ክፍል ወደ ሌላው እንጂ ወደ ውጭ አይደለም። የሚፈስ ነገር የለም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉት እንግዴ ልጁ ላይ ነው። ልብና እንግዴ ልጅ በተመሳሳይ ሳምንታት ጎን ለጎን ይሠራሉ። የደም ሥር እንዲዘረጋ የሚያዙት ጂኖችም ብዙዎቹ የጋራ ናቸው። አንዱ ሲዛባ ሌላውም ላይ ምልክት ሊገኝ ይችላል። እንግዴ ልጅ ደግሞ የእናት ደም በቀጥታ የሚያልፍበት አካል ነው፤ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች ወደ እሷ ደም ይለቃል። ስለዚህ የሚፈለገው ከልቡ የመጣ ነገር ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱ የመጣ ወሬም ነው።

ሌላው መንገድ የእናትየው የራሷ ሁኔታ ነው። ያልተስተካከለ ስኳርን የመሰለ፣ ልቡ ሲሠራ ያወከ ነገር ካለ፣ እሱም በደሟ ፕሮቲኖች ላይ አሻራውን ይተዋል።

እስካሁን ምን ተገኘ?

ሁለት ጥናቶች ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2014 በስፔን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ልቡ ችግር ያለበት ጽንስ የያዙ እናቶችን ደም መረመሩ። ፒኤልጂኤፍ ዝቅ ብሎ፣ ኤስፍልት-1 ከፍ ብሎ አገኙት። ሁለቱም የደም ሥር እድገት ላይ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ናቸው፤ የመጀመሪያው ያበረታታል፣ ሁለተኛው ይገታል። ይህ የእንግዴ ልጁን ሐሳብ ይደግፋል። ግን እነዚሁ ሁለቱ በእርግዝና ወቅት ከሚከሰት የደም ግፊት ጋርም ይዛባሉ። በአውሮፓ ብዙ ሆስፒታሎች የሚለኳቸው ለዚያ ነው። አንድ ምልክት ሁለት ሦስት ችግር የሚጠቁም ከሆነ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የቻይና ጥናት ነው። አካሄዱ እንዲህ ዓይነት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ስለሚያሳይ ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። 370 ሴቶች ተካተቱ። መጀመሪያ ጤነኛ ጽንስ የያዙትንና ልቡ ችግር ያለበት ጽንስ የያዙትን ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) በየወገኑ ቀላቅለው በማስ ስፔክትሮሜትሪ አነጻጸሩ። ይህ መሣሪያ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን በክብደታቸው እየለየ የሚቆጥር ነው። 47 ፕሮቲኖች ልዩነት አሳዩ። ከእነሱ 11ዱን ለይተው በሌላ፣ ይበልጥ አነጣጣሪ በሆነ መንገድ ደግመው ለኩ። ያለፉትን በኤላይዛ (አንድን ፕሮቲን በአንቲቦዲ ይዞ የሚለካ የላብራቶሪ ዘዴ) ፈተኑ። በመጨረሻ 4 ቀሩ። አራቱም ለሕዋስ ቅርጹን የሚሰጡና እንዲንቀሳቀስ የሚረዱት ከሚባሉት፣ ከሕዋስ አጽም ፕሮቲኖች ወገን ናቸው። ነገሩ ያስኬዳል። ልብ ሲሠራ ሕዋሳት ከቦታ ቦታ ይጓዛሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ግድግዳ ይሠራሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በዚያ አጽም ነው።

እኔን በጣም የሳበኝ መጨረሻ ላይ ኤላይዛ መጠቀማቸው ነው። ማስ ስፔክትሮሜትሪ ውድ ነው፤ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ኤላይዛ ግን እኛ አገር ላብራቶሪዎችም የሚያውቁት ዘዴ ነው። ምርመራው አንድ ቀን እውን ከሆነ፣ ድሃ አገር የሚደርሰው በዚህ በር በኩል ነው።

የዚያ ጥናት ውጤት «0.938» ነው ሲባል ሰማሁ። 94 በመቶ ትክክል ማለት ነው?

አይደለም። ቁጥሩ የሚለው ይህን ነው፦ አንድ ችግር ያለበት ጽንስ የያዘችና አንዲት ጤነኛ ጽንስ የያዘች ሴት በዕጣ ብናወጣ፣ ከ100 ጊዜ 94 ያህሉን ምርመራው የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። 0.5 ቢሆን ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም፤ 1 ቢሆን ፍጹም ነው። ስለዚህ 0.938 ጥሩ ቁጥር ነው። ግን «ውጤቴ ፖዘቲቭ ከሆነ ልጄ 94 በመቶ ታሟል» ማለት በፍጹም አይደለም።

ቁጥሩ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን ሥራ ላይ አይውልም?

መጀመሪያ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1,000 ነፍሰ ጡሮችን እንውሰድ። ከእነሱ 10 ያህሉ ልቡ ችግር ያለበት ልጅ ይዘዋል። ምርመራው ከታመሙት 100 ውስጥ 90ውን የሚይዝ፣ ከጤነኞቹም 100 ውስጥ 90ውን በትክክል «ደህና ነው» የሚል ነው እንበል። እንዲህ ያለ ምርመራ ጎበዝ ነው። ከ10ሩ 9ኙን ይይዛል፤ አንዱ ያመልጠዋል። የቀሩት 990 ጤነኛ ልጅ የያዙ ናቸው። ከእነሱ ግን 99ኙን በስህተት «ችግር አለ» ይላቸዋል። በድምሩ 108 እናቶች ደንግጠው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከ108ቱ በእርግጥ ችግር ያለበት ልጅ የያዙት 9 ብቻ ናቸው። ከ12 እናቶች 11ዱ በከንቱ እንቅልፍ ያጣሉ ማለት ነው።

አሁን ግን ይህንኑ ሒሳብ ከሌላ ጎን ይዩት። የጽንስ ልብ ኢኮ (ልብን ብቻ በዝርዝር የሚያይ አልትራሳውንድ) የሚያውቅ ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር 1,000 ሴቶችን በኢኮ ማየት አይቻልም። 108 ማየት ግን ይቻላል። በዚያ ወረፋ ውስጥ ደግሞ ከ10ሩ ልጆች 9ኙ አሉ። የደም ምርመራው ትክክለኛ ሥራ ፍርድ መስጠት ሳይሆን ለኢኮ የሚላኩትን መምረጥ ነው። ለእኛ አገር እናቶች ጥናቱ እንዲገፋበት የምመኘውም ለዚህ ነው።

ሒሳቡ ብቻም አይደለም የሚያዘገየው። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ብዙ ጊዜ ደሙ የሚወሰደው ችግሩ በአልትራሳውንድ ከታወቀ በኋላ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ገና ሳይታወቅ፣ በእርግዝናው መጀመሪያ የሚናገር ምርመራ ነው። ቅድም ልብ ይበሉልኝ ያልኩት ልዩነትም እዚህ ይመጣል። «የልብ ችግር» የሚባለው አንድ በሽታ አይደለም። ትንሿ ቀዳዳና የተቀያየሩት ደም ሥሮች በምን ምክንያት አንድ ዓይነት ፕሮቲን ይለቃሉ? ደግሞም በአንድ አገር ሴቶች ላይ የተገኘ ልዩነት በሌላ አገር፣ ደም ማነስ፣ ኢንፌክሽንና የተለየ አመጋገብ ባለበት፣ ላይደገም ይችላል። ሳይደገም ደግሞ ሥራ ላይ አይውልም።

የናሙናው አያያዝም ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። ከደም ፕሮቲን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልቡሚን ብቻ ነው፤ የሚፈለጉት ፕሮቲኖች ከእሱ አንጻር እጅግ ኢምንት ናቸው። ደሙ ሳይጣራ ሙቀት ላይ ከቆየ ወይም ቀይ የደም ሕዋሳት ከተሰባበሩ የውስጥ ፕሮቲኖቻቸው ይፈስሳሉ። የሕዋስ አጽም ፕሮቲን ደግሞ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከፍ ያለው ቁጥር ከልጁ ሁኔታ ሳይሆን ከቱቦው አያያዝ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ኤንአይፒቲ ተመርምሬ «ሁሉም ኖርማል ነው» ተባልኩ። ልቡም ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህን በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ እህቶቻችን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል፤ እዚያ ምርመራው የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለእናቶች የቀረበው ይህ ምርመራ የሚያየው ፕሮቲን ሳይሆን ከእንግዴ ልጁ የመጣ የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ነው። የሚቆጥረው ክሮሞሶም ነው። የልብን ቅርጽ አያይም። ዳውን ሲንድረም ካላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ስላለባቸው ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ኢኮ ይታዘዛል። ነገር ግን የልብ ችግር ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች የክሮሞሶም ቁጥራቸው ትክክል ነው። ስለዚህ ኤንአይፒቲ ኖርማል ሆነ ብለው የ20ኛውን ሳምንት አልትራሳውንድ አይተዉት።

ፓፕ-ኤ ዝቅ ብሏል አሉኝ። የልብ ችግር ይሆን?

ብቻውን እንዲያ አይባልም። ፓፕ-ኤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለክሮሞሶም ችግር ማጣሪያ የሚለካ የእንግዴ ልጅ ፕሮቲን ነው። ዝቅ ሲል ልጁ በሚገባ ማደጉን ለመከታተል ይጠቅማል። በዚያው ጊዜ በአልትራሳውንድ የሚለካው የልጁ ማጅራት ላይ ያለው ፈሳሽ ግን ከልብ ጋር ይበልጥ ይገናኛል። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት ማብቂያ ሲለካ 3.5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ክሮሞሶሙ ደህና ቢሆንም እንኳ የጽንስ ልብ ኢኮ ያስፈልጋል።

እንግዲያው ዛሬ የሚጠቅም አንድም የፕሮቲን ምርመራ የለም?

አለ። የልጁን ልብ በቀጥታ አያሳዩም፤ ግን የትኛዋ እናት ልዩ ክትትል እንደሚያስፈልጋት ይነግራሉ። ሁለቱም በጣም ቸል የሚባሉ ናቸው።

አንደኛው ሰዉ «የሦስት ወር ስኳር» የሚለው ኤዋንሲ ነው። ሄሞግሎቢን ፕሮቲን ነው፤ ስኳር ሲለጠፍበት የተለጠፈው ይለካል። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ይናገራል። ከእርግዝና በፊት የስኳር በሽታ ያለባት እናት ልጇ የልብ ችግር የሚያጋጥመው ዕድል ከሌላው 3 እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ስኳሩ ከእርግዝና በፊት ከተስተካከለ ይህ ስጋት ይቀንሳል። የአሜሪካ የስኳር ሕክምና ማኅበር ለማርገዝ የምታስብ ሴት ኤዋንሲዋ ከ6.5 በታች ቢሆን ይመክራል። ሳታረግዝ የምትለካው ይህ ቁጥር ለልጁ ልብ ከየትኛውም የወደፊት ባዮማርከር ይበልጥ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ደም ማነስ ያለባት ሴት ቁጥሩ ሊዛባ ስለሚችል ለሐኪሟ ትንገር። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው የእርግዝና ስኳር ግን ሌላ ነው፤ እሱ ሲመጣ ልቡ ተሠርቶ አልቋል።

ሁለተኛው አንቲ-ሮ የሚባለው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲም ፕሮቲን ነው። ሉፐስ ወይም ሾግረን የሚባሉት፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃባቸው ሕመሞች ባሉባቸው ሴቶች ላይ ይገኛል፤ አንዳንዴ ምንም ሕመም በማይሰማት ሴትም ላይ። ይህ አንቲቦዲ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባና የልቡን የኤሌክትሪክ መስመር ሊጎዳ ይችላል። የልጁ ምት ይዘገያል። መስመሩ ፈጽሞ ከተቋረጠ አይመለስም፤ ብዙዎቹ ልጆች ፔስሜከር (የልብን ምት የሚመራ መሣሪያ) ያስፈልጋቸዋል። አንቲቦዲው ካለባቸው 100 እናቶች 1 ወይም 2 ያህሉ ላይ ይደርሳል። አንድ ልጅ ተጎድቶባት ከሆነ ግን በሚቀጥለው እርግዝና ከ100 ከ15 እስከ 20 ይደርሳል። ለእንዲህ ያለች እናት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው መድኃኒት ዳግም የመከሰቱን ዕድል ይቀንሳል። ሉፐስ ያለብዎት ከሆነና ይህ አንቲቦዲ ተለክቶልዎት ካላወቀ፣ ከማርገዝዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አልትራሳውንድ ተነስቼ «ልቡ ጥሩ ይመታል» አሉኝ። አይበቃም?

ምቱ ጽንሱ በሕይወት መኖሩን ይናገራል። ስለ አወቃቀሩ አይናገርም። ልብ በደንብ ሲታይ እንዲህ ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ አራቱን ክፍሎች በአንድ እይታ ታያለች። መጠናቸው ይመጣጠናል? መካከላቸው ያለው ግድግዳ ሙሉ ነው? ቫልቮቹ ይከፈታሉ? ከዚያ መሣሪያውን ትንሽ ወደ ልጁ ራስ ዘንበል ታደርገዋለች። አሁን ከግራና ከቀኝ ክፍል የሚወጡት ሁለቱ ትልልቅ ደም ሥሮች ይታያሉ። ሲወጡ መስቀለኛ መሆን አለባቸው። ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ከሄዱ ቦታ ተቀያይረዋል ማለት ሊሆን ይችላል። አራቱን ክፍሎች ብቻ አይቶ ያቆመ ሰው ይህ ያመልጠዋል፤ በእነዚህ ልጆች ላይ አራቱ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላሉና።

ስለዚህ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ሲታዩ ይህን ይጠይቁ፦ «አራቱን ክፍሎች ብቻ ነው ወይስ የሚወጡትን ደም ሥሮችም አይታችኋል?» ጥያቄው ድፍረት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ አልትራሳውንድ እንድትነሳ ይመክራል።

የጽንስ ልብ ኢኮ ማን ያስፈልገዋል?

ራሷ፣ የልጁ አባት ወይም የቀደመ ልጇ ከልብ ችግር ጋር የተወለዱባት፤ ከእርግዝና በፊት ስኳር ያለባት፤ አንቲ-ሮ የተገኘባት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሩቤላ የያዛት፤ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የቆዳ ብጉር መድኃኒት፣ በተለይ ቫልፕሮኤት፣ ሊቲየም ወይም አይሶትሬቲኖይን እየወሰደች ያረገዘች፤ አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎች የያዘች፤ በአልትራሳውንድ ሌላ ጉድለት የታየባት። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን በራስዎ እንዳያቆሙ፤ ሐኪሙ ይቀይርልዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከልብ ችግር ጋር የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች እናቶቻቸው በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የደም ምርመራ ፍለጋው የሚያስፈልገውም ለእነዚህ ነው።

ልጁ የልብ ችግር ካለበት እናት የሚሰማት ነገር አለ?

የለም። ልጁ ይንቀሳቀሳል፣ ያድጋል፣ ይራገጣል።

እኛ አገር ቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል? ሕክምናው የት አለ?

ሕክምናው በቂ ነው ብዬ አላታልልም። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ለዓመታት ልጆችን ሲያክም ኖሯል፤ ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። ወደ እስራኤልና ሌሎች አገሮች ተልከው የታከሙም አሉ።

ቢሆንም ቀድሞ ማወቅ ብዙ ነገር ይለውጣል። ከባድ ችግር ያለበት ልጅ የሚታመመው ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ነው። በማህፀን ሳለ ደም የሚያሳልፍለት አንድ አጭር ቱቦ ነበረው፤ ቱቦው ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ ይዘጋል። ልጁ ቤት ገብቶ፣ የእንኳን ማርያም ማረችሽ እንግዳ ሳይወጣ ይጠቁራል፣ ጡት ይተዋል። ቀድሞ ከታወቀ ግን እናት የሕፃናት ልብ ሐኪም ባለበት ከተማ ትወልዳለች። ቱቦው ክፍት እንዲቆይ የሚያደርገው ፕሮስታግላንዲን ከየት እንደሚገኝ ቀድሞ ይፈለጋል። ቤተሰብም ገንዘብና ማረፊያ ያዘጋጃል።

በማህፀን ሳለ ካልታየስ?

ከተወለደ 24 ሰዓት በኋላ በእጁና በእግሩ ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ አለ። ኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ያወቅነው መሣሪያ ነው፤ ለሕፃን የሚሆን ማቀፊያ ብቻ ይፈልጋል። ቀኝ እጁና አንድ እግሩ ላይ ይለካል። በአንዱም ቢሆን ከ95 በመቶ በታች ከሆነ ወይም በእጅና በእግር መካከል ከ3 በላይ ልዩነት ካለ ይደገማል፤ ካልተስተካከለ ኢኮ ይታዘዛል። ከ90 በታች ከሆነ ግን ድጋሚ አይጠበቅም፤ ወዲያው ይታያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም አራስ ሕፃናት እንዲደረግ መክራለች። ከወለዱበት ቦታ ከመውጣትዎ በፊት «ኦክስጅኑ ተለክቷል?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ነፃ ነው፣ ምርመራውም ሕመም የለውም።

እርጉዝ ሆኜ ደንግጬ ነበር፤ ከባድ ዕቃም አንስቻለሁ። በኔ ጥፋት ይሆን?

አይደለም። ድንጋጤም፣ ዕቃ ማንሳትም፣ ያማረሽን አለመብላትም የልብን ግድግዳ አይቀድም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጠላ ምክንያት አይገኝም። ይህን ለአማትና ለጎረቤትም ንገሩልኝ። ብዙ እናቶች ከልጃቸው ሕመም በላይ ይህ ወቀሳ ነው የሚሰብራቸው።

ለጥናት ደም እንድሰጥ ብጠየቅ ልስጥ?

ፈቃድዎ ከሆነ ጥሩ ነገር ነው። ከክንድ የሚቀዳ ጥቂት ደም ልጁን አይጎዳም። የአፍሪካ እናቶች ደም ያልተካተተበት ምርመራ ነገ ለእኛ በትክክል ላይሠራ ይችላል። ግን ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሥነ ምግባር ፈቃድ አለው? ደሜ የት ይቀመጣል? ውጤቱ ይነገረኛል ወይ? ለጥናት የሚያስከፍልዎት ካለ እሱ ጥናት አይደለም።

የአባትየው ደምስ ይመረመራል?

ለዚህ አይመረመርም፤ የእንግዴ ልጁ ፕሮቲን የሚገኘው በእናት ደም ውስጥ ብቻ ነው። የአባትየው ታሪክ ግን ይፈለጋል። በልጅነቱ ልቡን የታከመ ወንድ «ድሮ ነው፣ አልፏል» ብሎ ሳይናገር ይቀራል፤ ሚስቱም ክትትል ላይ ስለ እሱ አትጠየቅም። ደረቱ መሃል የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ካለ፣ ወይም እናቱ «ሕፃን ሳለ ልቡን ያመው ነበር» ካሉ፣ በሚቀጥለው ክትትል ለሐኪሙ ይነገርና ኢኮ ይታዘዝ።